ዳንግላ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በኑሩ ኮምፒውተር ቤት በኩል

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጬ ነበር። ጉሙ ከሐይቁ ተነስቶ ሜዳውን ስለሸፈነው የአዲስ አበባው በረራ ዘግይቷል። ከጎኔ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል ያቆሙ፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ልጃቸውን ሊጠይቁ እየሄዱ ነው። መጠበቁ ሲሰለቻቸው ወደኔ ዞር አሉና «የየት አገር ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«የዳንግላ ነኝ።»

«አሃ! ዳንግላም እኮ ድሮ አውሮፕላን ያርፍ ነበር፤ ሣር ላይ። በልጅነቴ ባይኔ አይቻለሁ። አንቺ አትደርሽበትም።»

«አልደረስኩበትም፤ ግን እኔም አርፌበታለሁ» አልኳቸው። «ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ እንጂ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አይ የዘንድሮ ልጅ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ለቀረኝ ሴት «የዘንድሮ ልጅ» መባል ደስ አይልም አልልም፤ ውሸታም መባሉን ግን አልወደድኩትም። ጉሙም የሚነሳ ስላልመሰለ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ አጫወትኳቸው።

ዘመኑ ስልክ ላይ ዘፈን ማስጫን ትልቅ ንግድ የነበረበት ነው። ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ ኑሩ የሚባል ሰው ኮምፒውተር ቤት ነበረው። ፎቶ ኮፒው፣ ማመልከቻ መተየቡ፣ ጉርድ ፎቶው፣ ዘፈኑና መንዙማው ሁሉ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ኮምፒውተር ተምሬ ጨርሼ ሥራ ሳጣ፣ «ነይ እዚህ ተቀመጪ፤ እጅሽ ፈጣን ነው» ብሎ አስገባኝ። በዕድሜ ቢበልጠኝም እንደ እኩያ ነበር የምንጫወተው። ኑሩ ደግ ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ ችኩል ነው። ሻይ ሲጠጣ እንኳ ምላሱን ሳያቃጥል ቀርቶ አያውቅም።

ይህ ኑሩ አንድ ጊዜ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ወርዶ ሲመለስ፣ ከዲስኮቹ መሃል የበረራ ሲሙሌተር የሚሉትን ይዞ መጣ። ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን የሚያበሩበት ፕሮግራም ነው፤ የዓለም አየር ማረፊያዎች ሁሉ አሉበት። በእጅ የሚያዝ መሪም አብሮት መጣ። «ደንበኛ ይስብልናል» ብሎ ነበር ኑሩ። ደንበኛው ግን ኳስ እንጂ አውሮፕላን አላማረውም። የተለከፍኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ምን መሰላችሁ? ከባሕር ዳር ተነስቼ ወደ ቤቴ መብረር። መራዊን አለፍኩ፤ ዱርቤቴን አለፍኩ፤ ማለቴ እዚህ ጋ ይሆናሉ ብዬ ገመትኩ። ዳንግላ ስደርስ ዳንግላ የለችም! አረንጓዴ መሬት ብቻ ነው። በመሃሉ ደግሞ ጭስ መውጫ ያላቸው ቀይ ጣሪያ የፈረንጅ ቤቶች ተዘርተውበታል። የኛን ገበያ፣ የኛን ጋሪ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ የት አደረሱት? እንዲያው አናዶኝ ልቅሶ ቃጣኝ። ኑሩ ሳቀብኝ። «የሠሩት ሰዎች ዳንግላን የት ያውቋታል? ካስፈለገሽ ራስሽ ሥሪያት!» አለ። ለቀልድ ያላት ናት፤ እኔ ግን የምሬን ይዣት ቀረሁ።

ከከተማችን ዳር እስከ ዛሬ «አውሮፕላን ሜዳ» የሚባል ሜዳ አለ። በኔ ዘመን አውሮፕላን ቀርቶ ጥላውም አይታይበትም። ከብት ይግጥበታል፤ ጥር ሲመጣ ደግሞ ፈረሰኞቹ ጉግስ ይጫወቱበታል። እኔ የተነሳሁት ያን ሜዳ አየር ማረፊያ አድርጌ፣ ከተማውንም ከነቆርቆሮው ሠርቼ ፕሮግራሙ ውስጥ ላስገባው ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ከየአገሩ ሰዎች እየሠሩ በነፃ እንደሚለዋወጡ ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ። መሥሪያውንም አገኘሁ። ኢንተርኔታችን ግን እግዜር ያሳያችሁ! አንድ ነገር አውርድ ብዬው ወደ ቤት ሄጄ፣ ምሳ በልቼ፣ ዕቃ አጥቤ ስመለስ ገና ግማሽ ነው።

አባቴ አቶ ፈንታሁን ኮርቻ ሰፊ ነው። በአካባቢው የተከበረ ፈረሰኛ ነው፤ ዳማው የሚባል ፈረስ አለው፤ ከልጆቹ ማንን ትወዳለህ ቢባል ዳማውን ብሎ የሚመልስ ይመስለኛል። እኔ ሱቅ ተቀምጬ ምን እንደምሠራ ሊያይ አንድ የገበያ ቀን መጣ። ሱቁ በሰው ጢም ብሏል። ኑሩ «አባታችን፣ ይቺንስ ቢሞክሯት?» ብሎ መሪውን አስያዘው። አባዬ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። አውሮፕላኑ ተነሳ፤ ትንሽ እንደሄደ ፍጥነቱ አስፈራውና ሊያቆመው ፈለገ። እንግዲህ ፈረሰኛ ማቆም ሲፈልግ ምን ያደርጋል? ልጓም ይስባል። አባዬም መሪውን ወደ ደረቱ ሳበው። አውሮፕላን ደግሞ ሲስቡት አይቆምም፤ ሽቅብ ነው የሚወጣው። አፍንጫው ሰማይ ላይ ተተከለ። አባዬ «ተው! ተው አንተ!» እያለ የባሰ ሳበ። አውሮፕላኑ እንደ ፈረስ በኋላ እግሩ ቆሞ ቆሞ፣ ጉልበቱ አልቆ፣ ተገልብጦ ወረደና መሬት ላይ ተከሰከሰ።

ሱቁ በሳቅ ፈነዳ። ኑሩማ ፎቶ ኮፒው ላይ ተደፋ። አባዬ ግን አልሳቀም። ተነስቶ ባርኔጣውን አስተካከለና «ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት ይሄን ነው!» ብሎ ወጣ። ያን ያህል ዓመት ከፈረስ ወድቆ የማያውቅ ሰው በገበያ ቀን፣ በሰው ፊት ወደቀ። ከዚያ ወዲያ የዚያን ፕሮግራም ስም ሊሰማ አልወደደም።

ማታ እራት ላይ ነገሩን ቆረጠው። አጎቴ ጫግኒ የእህል መጋዘን አለው፤ የሚታመን ጸሐፊ ይፈልጋል። «ሥራ ፈተሽ ከምትውይ እዚያ ሄደሽ ሥራ ትይዣለሽ» አለኝ። ጫግኒን ጠልቼ አይደለም፤ ሙቀቱም ማንጎውም ደስ ይላል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በቆሎ ማስመዘን! ኮምፒውተር የሚባል ነገር ላላይ! የእናቴን ፊት አየሁ፤ እሷ ደግሞ ወጡን ታያለች። እንባዬ መጣ፤ ዋጥኩት።

«ኮሶበር ላይ የዞኑ ወጣቶች የፈጠራ ሥራ ውድድር አለ» አልኩት። እንጅባራን እኛ ዛሬም ኮሶበር ነው የምንላት። «ዳንግላን ሠርቼ እወዳደራለሁ። ያሸነፈ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ እዚያ ያለፈ ደግሞ ሥልጠናም ሥራም ያገኛል።»

አባዬ ጉርሻውን አላምጦ ጨረሰና «ይሁን» አለ። «የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው ብሎ መስክሮልሽ ለባሕር ዳር ከታጨሽ አፌን እይዛለሁ። አለዚያ በማግስቱ የአጎትሽ መኪና ላይ ትወጫለሽ።»

«እሺ።»

በኛ ቤት እሺ ከተባለ አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

ከቤቶቹ ጀመርኩ። የፕሮግራሙን የፈረንጅ ቤቶች አጥፍቼ የራሳችንን ለመተካት የግድግዳና የጣሪያ ፎቶ ያስፈልገኛል። የኑሩን ስልክ ይዤ ሰፈር ለሰፈር ስዞር ከተማው ተሸበረ። «ማዘጋጃ ቤት የላካት ናት፤ ሊያፈርሱን ነው» ተባለ። አንዲት ጠጅ ሻጭ በሩ ላይ ተገትረው «የኔን ግድግዳ ፎቶ አንስተሽ ምን ልታደርጊው ነው?» አሉኝ። «አውሮፕላን ውስጥ ላስገባው ነው» አልኳቸው። በነጋታው በሰፈሩ የታመመች ልጅ ተብዬ ተወራልኝ። እኔ ግን ቆርቆሮውንም፣ ጭቃ ቤቱንም፣ የጋሪ መቆሚያውንም አነሳሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ሠራሁ። መስጊዱን ስሠራ ኑሩ ከኋላዬ ቆሞ «ሚናራው አጠረ! ጨምሪ፣ ጨምሪ!» እያለ ደመና ሊያስነካው ነበር። ሜዳው ዳር ጥቂት ፈረሶች ቆሙ። ከቤታችን በር ላይ ደግሞ ዳማውን ከነግንባሩ ነጭ ምልክት አሰርኩት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን ማሳረፍ ቀረ። የማረፊያውን ሜዳ ሳስገባ ያላየሁት ጉድ የለም። መጀመሪያ ፕሮግራሙ በራሱ ዛፍ ይተክላል፤ ባዶ መሬት ያየ እንደሆነ ዝም አይልም። ማረፊያዬ መሃል ላይ ጫካ አበቀለብኝ! ኮሶበር አካባቢ ገበሬው ሁሉ ለከሰል ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ የሚተክልበት ጊዜ ስለነበር ኑሩ «ምናለ፣ ከሰል አክስለሽ ሽጪው» አለኝ። ዙሪያውን አጥሬ «እዚህ አትትከል» የሚል ትእዛዝ እስክሰጠው ድረስ ስንት አውሮፕላን ዛፍ ላይ ሰቀልኩ። ዛፉ ሲጠፋ ቤቶቹ ተነሱ። የገበያው ሱቆች ከመሬት ከፍ ብለው አየር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ከሥራቸው ሰው ጎንበስ ሳይል ያልፋል። እሱንም አወረድኩ።

የመጨረሻው ነው የገደለኝ። አውሮፕላኑ ያማረ አድርጎ ይወርዳል፤ ጎማው ሣሩን ሲነካ ጥልቅ! መሬት ውስጥ ይሰምጣል። ዝም ብሎ እንደ ረግረግ ይውጠዋል። ቁመቱን ብለውጥ ይሰምጣል፤ ሜዳውን አፍርሼ እንደገና ብሠራ ይሰምጣል። ውድድሩ እየቀረበ ነው። ግንቦት ገብቶ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀምሯል። አጎቴም በስልክ «መቼ ትመጫለሽ?» እያለ ነው። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ኑሩ ወጥቶ ከመናኸሪያው ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠና «ብዪ። የራበው ሰው ስህተት አያገኝም» አለኝ።

እየበላሁ ማሰብ ጀመርኩ። ቁመቱን ብለውጠውም ካልሰማኝ፣ ሌላ የሚያዘው አለ ማለት ነው። ያስገባኋቸውን ፋይሎች ግማሹን አወጣሁና አሳረፍኩ፤ ሰመጠ። ከቀሩት ደግሞ ግማሹን አወጣሁ፤ ሰመጠ። እንዲህ እያልኩ እየከፈልኩ ስሄድ አንድ ፋይል አውጥቼ ባሳርፍ አውሮፕላኑ ሣሩ ላይ ቆመ። ቆመ! ሞተሩ እየተንደቀደቀ፣ ክንፉ ቀጥ ብሎ፣ ዳንግላ ላይ ቆመ። ፋይሏን ብከፍታት የመጀመሪያዋ ሙከራዬ ናት። ጥያት የረሳኋት፣ ሌላ ማኅደር ውስጥ ተደብቃ ለዚያው ሜዳ ሌላ ቁመት የምትሰጥ። ለአንድ ሜዳ ሁለት ቁመት ከተነገረው አውሮፕላን ምን ያድርግ? የጮህኩትን ጩኸት የሰማ ደንበኛ ሎተሪ የደረሰኝ መስሎት «ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ እቴ! ሎተሪ ምን ይሠራልኛል?

የውድድሩ ቀን ጠዋት የኑሩን ኮምፒውተር ነቅለን፣ በጋቢ ጠቅልለን፣ እስከ መናኸሪያ በጋሪ፣ ከዚያ በሚኒባስ ጉዞ ጀመርን። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ ውስጡ ያለችው ትንሿ ባትሪ ስለሞተች ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ይረሳል። በተከፈተ ጊዜ መሙላት ግድ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ሁልጊዜ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌው አዲስ ቅዳምን አለፍን። ሌሊት የዘነበው መንገዱን አጥቦታል፤ እርጥብ የባሕር ዛፍ ሽታ በመስኮት ይገባል። ኮሶበር ስንደርስ ብርዱ ጥርስ ያፋጫል።

አዳራሹ ሞልቷል፤ ከዳንግላ የመጣውም ብዙ ነው። የድንች መትከያ ማሽን የሠራ አለ፤ ዘመናዊ የቀርከሃ ቀፎ ያመጣ አለ። ተራችን ሲደርስ መብራቱ ጠፍቶ ቆይቶ ገና መምጣቱ ነበር፤ የዳኞቹ ሰብሳቢ «ቶሎ! ቶሎ በሉ!» ይላሉ። እኔ የፕሮጀክተሩን ገመድ ልሰካ ስሮጥ፣ ኑሩ ኮምፒውተሩን ከፈተልኝ። ቀና ስል አባዬን አየሁት። የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ አለንጋውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። እመጣለሁ አላለኝም ነበር።

«ዛሬ ከተማችንን ዳንግላን ከሰማይ አሳያችኋለሁ» አልኩና ፕሮግራሙን አስነሳሁት።

ጥቁር። ግድግዳው ላይ ጥቁር ነገር ብቻ። የሞተሩ ድምፅ ይሰማል፤ አውሮፕላኑ ያጓራል፤ ምስል ግን የለም። ገመዱን ነካካሁ፤ ጥቁር ነው። ዘግቼ ከፈትኩት፤ ጥቁር። «አምፖሉ ተቃጥሏል» አለ አንዱ። «ሬዲዮ ነው እንዴ ያመጣሽው?» አለ ሌላው፤ አዳራሹ ሳቀ። ከሳቁ መሃል አባዬን ለማየት አልደፈርኩም። ጫግኒ ታየችኝ። ሚዛኑ፣ ጆንያው፣ የበቆሎው አቧራ።

«ልጄ፣ ጊዜ የለንም» አሉ ሰብሳቢው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አዝነውልኛል። «ቀጣዩ ይግባ።»

«አንድ ጊዜ! ባይሆን መስኮቱን ብቻ ዝጉልኝ!» አልኩ። ብርሃኑ በዝቶ ምስሉን ያጠፋው እንደሆነ ብዬ ነው። ሰዎች ተነስተው መስኮቶቹን ዘጉ፤ አዳራሹ ጨለመ። ያን ጊዜ ግድግዳው ላይ፣ ከጥቁሩ መሃል፣ ጥቃቅን ነጭ ነጥቦች አየሁ። ጠጋ አልኩ። ኮከቦች ናቸው።

ሌሊት ነው! ምንም አልተበላሸም፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ሌሊት ነው። ሲሙሌተሩ ሲከፈት ሰዓቱን የሚወስደው ከኮምፒውተሩ ነው።

«ኑሩ! ሰዓቱን ስንት ብለህ ሞላኸው?»

ኑሩ የእጅ ሰዓቱን ዘርግቶ «አራት ነዋ! አራት ሰዓት አይደል እንዴ?» አለ።

አራት ሰዓት ነበር፤ እውነቱን ነው። ለእኛ አራት ሰዓት ፀሐይ ወጥታ፣ ጤዛው ደርቆ፣ ሰው ገበያ የሚወጣበት ነው። ለማሽኑ ግን ቀኑ የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ በሱ አቆጣጠር አራት ሲሉት ጅቡም ገና ጉድጓዱ አልገባም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ አይደል! ሳቄ መጣ። ያን ያህል ሰው ፊት፣ ላለቅስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ከት ብዬ ሳቅሁ። ሰብሳቢው ያበድኩ መስሏቸው ቀረብ አሉ።

«ዳንግላ ገና አልነጋም ጌታዬ» አልኳቸው። «አሁን አነጋዋለሁ።»

ሰዓቱን በቀጥታ እኩለ ቀን ላይ ማድረግ እችል ነበር። አላደረግኩም። ሊነጋ ሲል ያለው ሰዓት ላይ አቆምኩትና ወደፊት ቀስ እያደረግኩ ገፋሁት። ግድግዳው መጀመሪያ ግራጫ ሆነ። ከዚያ በምሥራቅ በኩል ቀላ። የኮረብታው ጫፍ ታየ፣ ሜዳው ታየ፣ ከዚያ ፀሐይዋ ብቅ ስትል የዳንግላ ቆርቆሮ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቦግ አለ። «ኧረ!» የሚል ድምፅ ከአዳራሹ ወጣ። እኔም ሱቅ ውስጥ ስንት ጊዜ ያየሁትን ያን ቀን ገና ያየሁት መሰለኝ።

መጀመሪያ የጮኹት አንዲት ሴት ናቸው። «ያ ጊዮርጊስ አይደለም እንዴ? ኧረ የኛ ጊዮርጊስ ነው!» አሉ። በቃ፣ አለቀ። ሰው ተነሳ። «ወደ ግራ ዙሪ! የኔ ቤት ከጋሪ መቆሚያው ጀርባ ነው!» «አይደለም፣ ያ የሙላት ቤት ነው፤ ያንተማ ሣር ክዳን ነው!» ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በአገውኛ ይጮኻል፤ ሁሉም ጣቱን ይቀስራል። ስንት ዓመት የኖሩባትን ከተማ ከላይ አይተዋት አያውቁም። ኑሩ በሁሉም ድምፅ ላይ «ሚናራውን አያችሁ? ሚናራውን!» ይላል። ሰብሳቢው ራሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው «እስቲ… በገበያው መንገድ በኩል ዝቅ በይማ፣ የእናቴ ቤት እዚያ ነው» አሉኝ። ቀጣዩን ተወዳዳሪ ማንም አላስታወሰውም፤ እሱም ከፊት ቆሞ ቤቱን ይፈልጋል።

እኔም ዞር ዞር ብዬ በኛ ሰፈር በኩል አለፍኩ። ከኋላ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«ቆይ! ዳማውን ማን ነው ውጭ ያሰረው?»

አባዬ ነው። ቆሟል። አለንጋውን ወደ ግድግዳው ቀስሮ ከልቡ ተቆጥቷል። «ሌሊቱን ሙሉ ውጭ አድሮ ነው? በዚህ ዝናብ?» አዳራሹ ሳቀ። የአሁኑ ግን የፌዝ ሳቅ አልነበረም። እሱም ገባውና ባርኔጣውን አውልቆ አብሮ ሳቀ። ያን የገበያ ቀን ያልሳቀውን ሁሉ የሳቀው ያኔ ይመስለኛል።

«አሳርፊዋ!» አሉ ሰብሳቢው።

ሜዳውን ፊት ለፊት ያዝኩት። ፈረሶቹ በግራዬ ቆመዋል። ያቺ ፋይል የሆነ ቦታ ሌላ እህት ብትኖራትስ? ኃይሉን ቀነስኩ፤ ወረድኩ፤ ሣሩ ቀረበ። ጎማው ነካ። አንዴ ነጠረ፣ ደገመ፣ ተንከባለለ፣ ቆመ። ሜዳው ላይ፣ ሳይሰምጥ፣ በጠራ ጠዋት ቆመ!

እልልታው ከየት እንደጀመረ አላውቅም። ከአባዬ ጎን የተቀመጠ ፈረሰኛ ማቅራራት ጀመረ። ኑሩ ሲያቅፈኝ ወንበሩ ተገለበጠ። ሰብሳቢው ሌሎቹን ዳኞች ዞር ብለው አዩና «እንግዲህ ባሕር ዳር ይሄን ካልላክን ምን ልንልክ ነው?» አሉ። ማንም አልተቃወመም። የድንች ማሽኑም አብሮን ሄዷል፤ እሱም ይገባው ነበር።

አባዬን ስፈልገው በር ላይ አገኘሁት። አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ፣ ስልኩን በሌላው ጆሮው ላይ አጣብቆ ይጮኻል።

«ሄሎ! ሄሎ! ኔትወርኩ ምን ሆነ? … ስማኝ! ለመጋዘኑ ሌላ ሰው ፈልግ! … አዎ! ልጄ ሥራ ይዛለች! … ምን? አይ፣ የመንግሥት አይደለም። አገር ነው የሠራችው፣ አገር! ዳንግላን እንዳለች ሠርታታለች እያልኩህ ነው! ዳማው ሳይቀር አለ!»

ስልኩን ዘግቶ አየኝ። የራሱን ጋቢ አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለው። «ኮሶበር ይበርዳል» ብቻ አለ። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ብርድ የሚባል ነገር አልተሰማኝም። ደስታ ሰውን እንዲህ እንደሚያሞቅ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው ይሄን ሁሉ ሲሰሙ ከዘራቸውን መሬት ላይ እየመቱ ሲስቁ ቆዩ። «ታዲያ ባሕር ዳርስ?» አሉ።

«ባሕር ዳርም ቀናኝ። ዛሬም እንጀራዬ ካርታና የመሬት ምስል መሥራት ነው።»

«ተመስገን! አባትሽስ? ደህና ናቸው? አሁንስ አመኑ?»

«ደህና ነው። ጥርሱ አልቋል እንጂ ወሬው አላለቀም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያን ቀን ያወራል። ግን እየቆየ ሲሄድ ታሪኩ ተለወጠ። መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የማሳርፈው። ቀጥሎ እሱ ከኋላዬ ቆሞ ‘ቀስ በይ’ እያለኝ አሳረፍኩ። ባለፈው ፋሲካማ እኔ ገመድ ስፈልግ እሱ ራሱ መሪውን ይዞ ዳንግላ ላይ አሳረፋት! ‘አውሮፕላን እንደ ፈረስ አይደለም፣ አይሳብም፤ ማባበል ነው’ እያለ ለጎረቤቱ ያስተምራል።»

«አላረምሻቸውም?»

በዚህ መሃል የኛ በረራ ተጠራ፤ ሰው ሻንጣውን እያነሳ ተሰለፈ። አላረምኩትም አልኳቸው። ለመቃወም አፌን ስከፍት እናቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ ነበር፤ ባትጎሽመኝም የምናገር አይመስለኝም። አውሮፕላኑ ላይ ተቀምጬ ይህንኑ ሳስብ ሄድኩ። ባሕር ዳር የሰጡኝን የምስክር ወረቀት እናቴ ሳሎን ሰቅላዋለች፤ ክብር ነው፣ አልክደውም። እኔ ግን የምኮራው በሌላ ነው። ሰው የናቀውን ነገር የኔ ነው አይልም። አባቴ ያቺን ማረፍ ከእጄ ሰርቆ ለጎረቤት ሲያወራት ስሰማ፣ በሙሉ ልቤ፣ ይውሰዳት እላለሁ።